በ"አሌ" እጅ ያለፋችሁ የድሬ ልጆች፣ የዚህን ደብተር ነገር ንገሩኝ

የልጅ_ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስታወሩ ለዓመታት አንብቤያለሁ እንጂ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን የምጠይቃችሁ አለኝ።

አያቴ ካረፈ ሠላሳ ሦስት ቀን ሆነው። ስሙን አልጽፍም፣ እናቴ አልወደደችውም። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ የነካ ሰው ግን "አሌ" ካልኩት ሌላ አይጠይቀኝም። ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ዕድሜውን የፈጀ፣ ከፈረንሳዮቹ የወረሳትን፣ "ሂዱ" ማለት የሆነችውን አንዲት ቃል ይዞ ጎህ ሳይቀድ "አሌ! አሌ! አሌ!" እያለ ሰፈር የሚቀሰቅስ ሽማግሌ። 81 ዓመቱ ነበር።

እናንተ አሰልጣኝ ትሉታላችሁ። ለእኔ ጸጉሬን የሚሠራልኝ ሰው ነው። እናቴ አራት ዓመቴ ላይ ለሥራ ጅዳ ሄደች፤ ሴት አያቴ ከዚያ በፊት አርፋለች። አንድ የባቡር መካኒክና አንዲት ሕፃን ቤት ውስጥ ተፋጠጥን። ሹሩባ ከጎረቤት ሴት ተማረ። የሚችለው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ ካደግኩ በኋላ ነው የገባኝ፣ የጎል መረብ የሚጠግንበት ቋጠሮ ነው። ቅዳሜ ሲፈታልኝ አለቅስ ነበር፣ እሱም "አሌ፣ አለቀ፣ አለቀ" ይለኛል፤ አያልቅም። ትምህርት ቤት የሚወስደኝ በሳይክል ነው፤ ከፊት ብረቱ ላይ እኔ፣ ከኋላ በከረጢት ኳሶቹ። ሲያዳልጠን መጀመሪያ የሚያየው ማንን እንደሆነ ልብ እል ነበር። እኔን ነው። ግን ኳሶቹንም ወዲያው ያያል።

እውነቱን ልናገርና ቡድናችሁን አልወደውም ነበር። በ1997 እናቴ ነጭ ስፖርት ጫማ ላከችልኝ፣ 37 ቁጥር። ትንሽ ሰፋኝ። "እስኪደርስሽ እኔ ጋ ይቀመጥ" ብሎ ወሰደው። ሲደርሰኝ ጫማው የለም። "የት ገባ?" ስለው "ሥራ ላይ ነው" አለኝ። ይህንን ቂም ሃያ ዓመት ይዤዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አልጋው ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ወፍራም የምድር ባቡር መዝገብ አገኘን፣ ዓምዶቹ ላይ ፈረንሳይኛ የታተመበት። በእሱ እጅ ጽሑፍ በሙሉ ስም ነው። ከስሙ አጠገብ ቁጥር አለ፦ 34፣ 36፣ 41። መጀመሪያ የማሊያ ቁጥር መስሎኝ ነበር፤ ግን ሰፈር ውስጥ ማን 41 ለብሶ ይጫወታል? ደግሞ ከአንዳንዱ ስም ፊት ክብ ተሠርቷል። ከክቦቹ ውስጥ አብዛኞቹ መሐላቸው የራይት ምልክት አለ። ሁለቱ ግን ባዶ ናቸው።

አርባው እሁድ ነው። ከቤተሰብ አንድ ሰው ተነስቶ ይናገር ተብሏል፣ ያ ሰው እኔ ሆኛለሁ። ስለማላውቀው ደብተር እንዴት ላውራ?

---

ሰባት_ቁጥር፦

ኧረ አቦ! አሁን ከዚህ ላይ ነው የሰማሁት። ነፍሱን በገነት ያኑራት። ወላሂ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ቁጥሩ የእግር ቁጥር ነው። ጫማ! በየመስከረሙ ይሰበስበንና አሸዋው ላይ ውኃ ያርከፈክፋል፣ በባዶ እግራችን እንረግጣለን፣ ከዚያ በዚያች የመካኒክ ብረት ማስመሪያው ዱካችንን ይለካል። "አንተ እግርህ ከአእምሮህ ቀድሞ እያደገ ነው" ይለኛል። ለክቶ ሲጨርስ መዝገቡን ብብቱ ሥር አድርጎ ይጠፋል። ቀፊራ ነጋዴዎቹ ጋ ይሄዳል፣ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡት ጋ ይሄዳል፣ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመጡት ጋ ይሄዳል። "39 ካገኘህ አስቀምጥልኝ።" ገንዘብ አይለምንም፣ ቁጥር ነው የሚለምነው። ነጋዴው ብር የለኝም ሊል ይችላል፣ 39 የለኝም ለማለት ግን መጀመሪያ መፈለግ አለበት። ብልጥ ነበር ሰውዬው።

ስለ ነጩ ጫማ ግን... እህቴ ይቅርታ። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ቀኙን ብቻ። ግራውን ሌላ ልጅ ነው ያደረገው፣ እሱ ግራኝ ስለነበር። የምንመታበትን እግር ብቻ ነበር የሚያለብሰን፣ ሌላው ባዶውን ይሆናል።

---

የከዚራዋ፦

ቆይ ቆይ፣ ነጭ፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው? እኔም አድርጌዋለሁ! ሁለቱንም እግር!

---

ሰባት_ቁጥር፦

መቼ?

---

የከዚራዋ፦

በ1999። ሶሉ ተገንጥሎ በመኪና ጎማ ተሰፍቶ ነበር፤ ከባድ ነበር ግን ምቱን ጠንካራ ያደርገዋል።

የሴቶቹን ቡድን የረሳችሁ ትመስላላችሁ፣ ስለዚህ ልጻፍ። አሥራ አንድ አልሞላንም፣ ዘጠኝ ነበርን፤ ሁለቱን ከወንዶች በረኛና ተከላካይ እየተዋስን ነው የምንጫወተው። እናቴ እንደሰማች በሩን ዘጋችብኝ። አሌ መጣ። ክርክር አልጀመረም። ቡና ተፈላለት፣ አቦል ጠጣ፣ ቶና ጠጣ፣ በረካውንም ጠጥቶ ስለ ባቡር አውርቶ ሄደ። በሳምንቱ ዓርብ እንደገና መጣ። ስለ ባቡር። በሦስተኛው ዓርብ እናቴ ራሷ "ለመሆኑ ይቺ ልጅ ምን ትችላለች?" ብላ ጠየቀችው። "ሩጫ አትችልም፣ ማየት ትችላለች" አላት። ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማካይ ሆኜ ቀረሁ።

ፈጣን አልነበርኩም፣ እውነቱን ነው።

---

ሸገር_ልጅ፦

ነፍስ ይማር። ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ሰውየውን አላውቃቸውም። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ 81 ዓመት የሞላቸውን አዛውንት፣ ያውም በሞቱ ማግስት፣ "እሱ" "አንተ" እያላችሁ ማውራታችሁ ነውር አይደለም? የልጅ ልጃቸው ሳትቀር!

---

ኮተን_ለዘላለም፦

ልጄ፣ ድሬ አንቱታ አታውቅም። እዚህ አባትም አንተ ነው፣ ሼኹም አንተ ነው፣ ቄሱም አንተ ነው። ሰውየውን "እርስዎ" ብትለው ኖሮ ምን አጥፍቼ ነው ብሎ ሦስት ቀን ይጨነቅ ነበር። አትቀየም።

አሁን እኔ ልናገር፣ እዚህ ካላችሁት ሁሉ ሳልበልጥ አልቀርም። ሰባ አልፎኛል፣ ይህንንም የሚጽፍልኝ የልጄ ልጅ ነው። ጸሐፊዬ ትንሽ ቸኩሏል፣ እኔ ግን አልቸኩልም።

ይህ ከተማ የባቡር ልጅ ነው። በ1895 ሐዲዱ ሐረር መውጣት አቅቶት ከተራራው ሥር ሲቆም ነው ድሬ የተወለደችው። ከዚያ በኋላ ኳስ ሁለት ቤት ነበረው፤ አንዱ ምድር ባቡር፣ አንዱ ጨርቃ ጨርቁ፣ ማለትም የእኛው ኮተን። ኮተን አምስት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። የዛሬ ልጆች አያውቁም፣ ስነግራቸውም ይስቃሉ። አምስት ጊዜ ከድሬ! አሌ ደግሞ የባቡር ሰው ነው፣ ስለዚህ እኔና እሱ ሠላሳ ዓመት ተቃቅፈን ስንሰዳደብ ነው የኖርነው።

ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍን ጊዜ እሱ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ የጥገና ክፍል ተላላኪ። በሠራተኛ ባቡር ሄዶ ስታዲየም ደረሰ። ሉቺያኖ ቫሳሎ ከጃንሆይ እጅ ዋንጫውን ሲቀበል አየሁ ይላል። እንዳየ አላውቅም፣ ከበር ውጭ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ግን ጨዋታውን ሲተርክ አራተኛውን የመንግሥቱ ወርቁን ጎል ከወንበሩ ተነስቶ ነው የሚያገባው።

እሱን አሰልጣኝ ያደረገው ግን 1954 አይደለም፣ 1968 ነው። የካቲትና መጋቢት። የአፍሪካ ዋንጫ አንደኛው ምድብ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ምድብ እዚህ ድሬ! ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳን፣ ዛየር። ዛየር ያን ጊዜ የዋንጫው ባለቤት ናት፣ ዓለም ዋንጫ ደርሳ የመጣች፤ እዚህ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ተሸኘች። ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 ስትመታ እኔና አሌ ጎን ለጎን ነን። ሰዉ አህመድ ፋራስን ያያል፣ ፋራስ የዓመቱ የአፍሪካ ኮከብ ነበር። አሌ ግን ፋራስን አላየም። ጉልበቴን ይዞ "ኳስ የሌላቸውን እይ፣ ኳስ የሌላቸውን እይ" ይለኛል። ሞሮኮ ያን ዋንጫ ይዛ ሄደች። እሱ በሳምንቱ ስምንት ሕፃን ሰብስቦ ደቻቱ አሸዋ ላይ ወረደ። ኳስ አልሰጣቸውም። ኳስ ሳይኖራቸው የት እንደሚቆሙ ነበር የሚያስተምራቸው። አላፊ አግዳሚው ሰውየው ነካ አደረገው እንዴ አለ።

ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1969፣ እዚሁ ከተማ ላይ መድፍ ነበር። ያን ዘመን ዝም ልበለው። ከስምንቱ ልጆች ያን ዘመን ተሻግረው እስከ ጉልምስና የደረሱትን አውቃቸዋለሁ፤ ጥቂት ናቸው።

ጸሐፊዬ እጄ ዛለ እያለ ነው።

---

የልጅ_ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። "ኳስ የሌላቸውን እይ" የሚለውን እኔም አውቀዋለሁ። ሠርግ ቤት ስንሄድ ይለኝ ነበር! ዳር የተቀመጠ፣ ምግብ ያልደረሰው ሰው እንድፈልግ። የሞሮኮ መሆኑን አላውቅም ነበር።

---

ግራ_እግር፦

ሁላችሁም እያለቀሳችሁ ስለሆነ አንድ ሰው ደግሞ ሌላውን ይናገር።

እኔ ያ ግራኝ ነኝ። አዎ፣ የነጩ ጫማ ግራው የእኔ ነበር። ነፍሱን ይማረው፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ጨካኝ ነበር። ሕጉን ታውቃላችሁ፦ የትምህርት ቤት ውጤት ካርድ ሳታሳይ አትሰለፍም፣ ጫት የቃመ አይመጣም፣ የሰው እናት የሰደበ ይባረራል። ሦስተኛውን እቀበላለሁ። የመጀመሪያው ነው የጎዳኝ።

በ1998 የክረምት ውድድር፣ ፍጻሜ ልንገባ አንድ ጨዋታ ሲቀረን፣ ከአዲስ አበባ ለፕሮጀክት ልጅ የሚመለምሉ ሰዎች መጥተው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ "ዛሬ አንተን ነው የሚያዩት" ይለኛል። አሌ ካርዴን ጠየቀኝ። ሒሳብ ወድቄ ነበር። አባቴ ያን ዓመት ሥራ የለውም፣ እኔ ከትምህርት በኋላ ሳቢያን በኩል ድንጋይ እጭን ነበር። ነገርኩት። ሰማኝ። ከዚያ ቅያሪ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ። መልማዮቹ ሌላ ልጅ መርጠው ሄዱ። እኔ ማሊያውን አውልቄ እግሩ ሥር ጣልኩለት፣ ከዚያ በኋላ ደቻቱ አልወረድኩም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ይቆማል፣ እኔ እሻገራለሁ። ዓመታት እንደዚህ ሆነን ቀረን።

ስለ እሱ ስትናገሪ ይህንንም ብትጨምሪው ደስ ይለኛል። ባትጨምሪውም አልቀየምም።

---

ሰባት_ቁጥር፦

ወንድሜ፣ ያን ቀን እኔም ነበርኩ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነበር፤ እኔንም በእንግሊዝኛ አስቀምጦኛል። ላንተ ቢያጥፈው ኖሮ ነገ ማን ካርድ ያሳያል?

---

ግራ_እግር፦

አንተን ያስቀመጠህ ከደካማ ቡድን ጋር ስንጫወት ነው። እኔን ያስቀመጠኝ ሕይወቴ ሊቀየር በነበረበት ቀን። ሕግ ነው አልክ፣ ሕግ ድንጋይ ለሚሸከም ልጅ ትንሽ ማጎንበስ ያቅተዋል?

---

የከዚራዋ፦

እኔ እዚህ ላይ ከግራ_እግር ጋር ነኝ፣ ምንም ብትሉኝ። አሌን እወደዋለሁ። ግን አንዳንድ ጊዜ ሕጉን ከልጁ ያስቀድም ነበር። የሴቶቹንም ቡድን አንድ ውድድር ላይ የሁለት ልጆች ካርድ ዘግይቶ ሳይደርስ ስለቀረ በሰባት አሰልፎናል። 6 ለ 0 ተሸነፍን። ሲያጨበጭብልን ደግሞ ይብስ ተናደድን።

---

አወያይ፦

ለቅሶ ቤት ላይ ነን፣ በዝግታ። ሰው መውቀስ ይቻላል፣ መዘላለፍ አይቻልም። እስካሁን መልካም ነው።

---

በረኛው፦

ሰላም። ከጅቡቲ ነው የምጽፈው። ሼር የተደረገውን አይቼ ገባሁ። አላህ ይርሐመው። የክቡን ነገር የማውቀው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ሐምሌ 29 ቀን 1998፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ። ለማታውቁት፣ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ወንዝ አይደለም። አሸዋ ነው፣ መንገድ ነው፣ ገበያ ነው፣ የእኛ ሜዳ ነው። ውኃው ከላይ ከደጋው በደንገጎ በኩል ወርዶ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት መጣ። እኛ ቤት ከዳሩ ሦስተኛው ነበር። አባቴ ጣራ ላይ አወጣን። ከፊታችን የነበሩት ሁለት ቤቶች ጠዋት የሉም። በከተማው ከ250 በላይ ሰው ሞተ። የጎል ቋሚዎቻችን ከነሲሚንቷቸው ሄዱ።

ሰዉን ትምህርት ቤቶች ውስጥ አስጠለሉት። እሁድ ረፋድ ላይ ይመስለኛል፣ በር ላይ ያን ድምፅ ሰማሁ። "አሌ" አላለም። "በረኛ!" አለ። ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው፣ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞታል። ሲያየኝ አላቀፈኝም። "ቁጥርህ ስንት ነው?" አለኝ። እኔ ሰውየው አበደ አልኩ። "39" አልኩት። ጻፈ። ራይት አደረገ። ወደ ሚቀጥለው ክፍል ሄደ።

በኋላ ነው የገባኝ። ከዚያ ሌሊት የወጣን ሁላችን ባዶ እግራችንን ነን። ከተማው ደግሞ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ የተሰበረ ጠርሙስ ነው ከጭቃ በታች። ሰው ዱቄትና ብርድ ልብስ ሲያመጣ እሱ በሦስተኛው ቀን በጋሪ ጫማ ይዞ መጣ። የእኛን ብቻ ሳይሆን የወንድሞቻችንንም። ሁሉም ልክ ነበር። ከየት አመጣው ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

መዝገቡን ይዞ ከአንዱ መጠለያ ወደ ሌላው ሲዞር እኔም ከሰኞ ጀምሮ አብሬው ዞርኩ፤ ስም እያነበብኩለት፣ እሱ ዓይኑ ደክሞ ነበር። ያላገኘነው ልጅ ስም ላይ ክብ ያደርጋል። በእስክርቢቶ ስለሆነ አይጠፋም፤ ልጁ ከተገኘ መሐሉ ላይ ራይት ያደርግበታል። አንዱ ሽንሌ ዘመዶቹ ጋ ተገኘ። አንዱ ሆስፒታል። አንዷ ነምበር ዋን ሰፈር አክስቷ ጋ። ክቦቹ እየተሞሉ ሄዱ።

ሁለቱ አልተሞሉም። ወንድማማቾች ናቸው፣ ትልቁ 36፣ ትንሹ 33። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ አንቺ ጋ አለ። ትንሹ ኳስ አልነበረውም፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር የሚገፋው።

---

የልጅ_ልጅ፦

አሁን ገጹን ገልጬ አየሁት። 36 እና 33 ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ክረምት እኔ ሐረር አክስቴ ጋ ነበርኩ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ጎርፉን በራዲዮ ሰማን። አንድ ጊዜ ደወለና "ደህና ነኝ፣ እዚያው ቆዪ" ብሎ ዘጋው። ሦስት ሳምንት አልመጣም። ከድሬ ሐረር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ሰው የሌለኝ፣ እሱ ደግሞ ከኳሶቹ ጋር ነው ብዬ አሰብኩ። ሊወስደኝ ሲመጣ አላናገርኩትም። ሙሸበክ ገዝቶልኝ መጥቶ ነበር፤ አልበላሁለትም። አውቶቡስ ውስጥ ደንገጎን ስንወርድ በመስኮቱ ወደ ታች እያየ ነበር፣ እጁን ጸጉሬ ላይ አድርጎ። አንድም ነገር አልነገረኝም። እስኪሞትም አልነገረኝም።

የሰጠኝን ሁሉ አልጻፍኩም፣ ብዙ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ አብረን ነው ያየነው። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለነበር 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጭ ባገባነው ነው ያለፍነው። እሱ ሒሳቡን ቀድሞ ሠርቶታል፤ አዳነ ግርማ አንደኛውን ሲያገባ "አንድ ትበቃናለች፣ አንድ" ይለኛል፣ ሳላዲን ሰዒድ ሁለተኛውን ሲያገባ ሽንት ቤት ገብቶ ቆለፈ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። "ሽንኩርት ሸቶኝ ነው" አለ። ሽንት ቤት ውስጥ።

ከአራት ዓመት በፊት ልጅ ወለድኩ። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ቤት ውስጥ ነበር የሚውለው። ልጄ ቆሞ መሄድ የጀመረው ከእኔ ወደ እሱ ነው፣ አራት እርምጃ። ምን እያለ እንደጠራው ታውቃላችሁ። ልጄ ዛሬም መሄድን "አሌ" ነው የሚለው። "እማ፣ ወደ ሱቅ አሌ?"

---

የከዚራዋ፦

ቢሮ ውስጥ ነኝ፣ ሰው ምን ሆንሽ እያለኝ ነው።

---

ሸገር_ልጅ፦

ስለ ቅድሙ ይቅርታ አድርጉልኝ። "እሱ" ይባል።

---

ኮተን_ለዘላለም፦

ጫማውን ከየት አመጣ ለሚለው፤ እኔ አውቃለሁ። የጡረታ ብድር ወሰደ፣ ከዕድሩም ወሰደ፣ ሳይክሉንም ሸጠ። እኔ ነኝ የገዛሁት። አልነዳሁትም፣ ግቢ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። በዓመቱ መልሼ ልስጥህ ስለው "የኮተን ሰው የነካውን አልነዳም" አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ወሰደው።

እሁድ እመጣለሁ። ምርኩዜን ይዤ።

---

ሰባት_ቁጥር፦

እኛም እንመጣለን። የሳቢያኖቹን እኔ እነግራቸዋለሁ። ድንኳኑ ላይ ሰው ካነሰ ወንበር የሚሸከም ጀመዓ አለ።

---

ግራ_እግር፦

የልጅ_ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጎርፉ በመጣ ጊዜ እኔ ከቡድኑ ከወጣሁ ገና ሁለት ሳምንት ነበር። እኛ የምንኖረው ሳቢያን ስለሆነ አልነካንም። ያን ሰሞን አንድ ቀን በራችን ላይ መጥቶ ለእናቴ ሰላምታ ብሎ እንደሄደ እናቴ ነግራኛለች። እኔ ጓዳ ተደብቄ ነበር።

ስሜን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ሰርዞኝ ከሆነ አልቀየምም፣ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።

---

የልጅ_ልጅ፦

አገኘሁህ። አልተሰረዝክም። ክብ ተደርጎብሃል፣ መሐሉ ላይ ራይት አለ።

ግን ሌላ ነገር አለ፣ የሌላ ሰው ስም ላይ የሌለ። መጀመሪያ 37 ነው የተጻፈው። እሱ ተሰርዞ 39 ተብሏል፣ አጠገቡ "1999" ይላል። እሱም ተሰርዞ 41፣ "2001"። ከዚያ 42፣ "2003"። ጎኑ ላይ በትንሹ "ከእናቱ፣ ቀፊራ" የሚል አለ። ቀፊራ እናትህ ይሠሩ ነበር እንዴ?

---

ግራ_እግር፦

ቲማቲም ትሸጥ ነበር።

ሁልጊዜ መስከረም ላይ ጫማ ታመጣልኝ ነበር። ከልባሽ ገዛሁት ትለኝ ነበር።

---

የልጅ_ልጅ፦

እሁድ ትመጣለህ?

---

ግራ_እግር፦

እመጣለሁ። እስክርቢቶ ይዘሽ ጠብቂኝ። አሁን 43 ነው።